ቁልቁል ያደረች መኪና

ደብረ ዘይት ሲባል ብዙ አንባቢ ወዲያው የሚያስበው የሆራ ሐይቅንና ዛሬ ቢሾፍቱ የምትባለውን ከተማ ነው። እኔ ግን የማነሳው ሌላይቱን ደብረ ዘይት ነው፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የምትገኘውን የወንበራ ወረዳ ዋና ከተማ። ከቻግኒ ተነስቶ በድባጤና በቡለን በኩል የሚመጣ ተጓዥ ቆላውን ትቶ ሽቅብ ሲወጣ ያገኛታል። ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው በገበያዋ ይገናኛሉ። ከክልሉ ርዕሰ ከተማ ከአሶሳ የሚለያት ዓባይ ነው። ለእንዲህ ያለ አገር መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ወላድን ሐኪም ቤት፣ በቆሎን ገበያ፣ ተማሪን ፈተና የሚያደርሰው እሱ ነው።

ክረምቱ እየወጣ ሳለ በአንዲት የቆየች ላንድክሩዘር፣ ሃርድ ቶፕ በምንላት፣ አመሻሽ ላይ ደረስን። ተሳፋሪው ወርዶ ጓዙን ከወሰደ በኋላ ሹፌሩ መኪናዋን ከሜዳው አስነስተው ወደ ዳገቱ ወሰዷትና አፍንጫዋን ቁልቁል አዙረው አቆሟት። ረዳቱ፣ ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ፣ ማንም ሳያዘው ሁለት ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሻጠ።

«ጋሼ፣ ለምን አዞሯት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባትሪዋ ደክሟል» አሉኝ። «ጠዋት ደግሞ ብርድ አለ። ሞተሪኖው እምቢ ቢለኝ ቁልቁለቱ ያስነሳልኛል።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ያሉት ሆነ። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሪኖው አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ሰውየው አልተደናገጡም። ፍሪሲዮኑን ረገጡ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «አንሳ!» አሉ። ልጁ ድንጋዮቹን ሳብ አደረጋቸው። መኪናዋ በዝግታ ተንሸራተተች፣ ከዚያ ፈጠነች፤ ሰውየው ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርጉ ወደፊት ነጠቅ አለችና ጥቁር ጭሷን ተፍታ ተነሳች። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከዚህ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። መካኒክ ያልጠራ፣ ጋራዥ ያልፈለገ፣ ስልክ ያልደወለ ማስነሳት ነበር።

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። መኪናዋን ያስነሷት ፍሪሲዮንና በእጅ የሚቀየር ማርሽ ናቸው። ሁለቱም በዓለም ገበያ ዘመናቸው እያለፈ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላትን መኪና ገፍቶ ማስነሳት አይሞከርም፤ በኤሌክትሪክ የምትሄደው ደግሞ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ከነጭራሹ የላትም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሲጠፋ ያ ልጅ ድንጋዩን ለምን ያነሳል?

አሮጌ ነገር ሁሉ ይኑር እያልኩ አይደለም። የመኪና ታሪክ ራሱ ብዙ ነገር መጣሉ ጤና እንደሆነ ያስተምረናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ሲያስገባ ሞተር የሚነሳው በማኖቬላ ነበር። አንድ ጉልበተኛ ሰው ከፊት ጎንበስ ብሎ የብረቱን እጀታ ያሽከረክረዋል። ሞተሩ ወደኋላ የመታው እንደሆነ እጀታው ክንድ ይሰብራል፤ በየአገሩ ብዙ ክንድ ሰብሯል፣ ሰው የገደለበትም ጊዜ አለ። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ (ሞተሪኖ) እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ ላይ ሲገጠም ማኖቬላ የሞት ፍርዱን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ጉልበት የሌለው ሰው፣ አዛውንትም ሆነ ሴት፣ ያለ ረዳት መኪና ማስነሳት ቻለ። ለዚህ ዓይነቱ መሻር ማንም እንባ አያፈስም።

ሌሎችም ተከታትለው ሄደዋል። ጠዋት ጠዋት የሚሳበው ቾክ ሄደ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ቦታውን በኮምፒውተር ለሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ለቀቀ፤ በዚህም ነዳጅ ተቆጠበ፣ ጭስ ቀነሰ። በእግር ይረገጥ የነበረው የረጅም መብራት ማብሪያ ወደ መሪው ወጣ። የካሴት ማጫወቻው ለሲዲ፣ ሲዲው ለፍላሽ፣ ፍላሹ ለስልክ ቦታ ለቀቀ። የመስኮት ማዞሪያ እጀታ በቁልፍ ተተካ። አሁን ደግሞ ቁልፎቹ ራሳቸው ስክሪን በሚባለው የመስታወት ገጽ እየተተኩ ነው፤ የእጅ ፍሬንም በጣት ወደምትነካ ቁልፍ እያነሰ ነው።

የእኛ ጋራዥ ቋንቋ የአሮጌዋ መኪና ዕቃዎች መዝገብ ነው። ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ ተወርሰው አማርኛ ሆነዋል። ይህን ቃል ይዞ ያደገ አንድ የመካኒክ ትውልድ አለን። አብዛኛው ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም፤ ከመኪና ሥር ተኝቶ፣ መብራት ይዞ፣ ጌታው «ቁጥር አሥራ ሦስት አቀብለኝ» ሲለው አቀብሎ ነው የተማረው። ዕቃው ሲሻር ቃሉም አብሮ ይሻራል፤ ቃሉ ሲሻር ደግሞ ያ ሰው በገዛ ሙያው እንግዳ ይሆናል።

በመልስ ጉዟችን ከቡለን ሳንደርስ መኪናዋ መንገድ ላይ ተንተፋትፋ ቆመች። ሹፌሩ ኮፈኗን ከፍተው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩ፤ «አየር ገብቶባታል» አሉ። ከናፍታ ማጣሪያው አናት ላይ በእጅ የሚጫን ትንሽ ፖምፓ አለ። ልጁ ሳይጠየቅ መዳፉን አኖረበትና ይጫን ጀመር። መጀመሪያ ፖምፓው ልል ነበር፤ አርባ፣ ሃምሳ ጊዜ ሲጫነው እየጠጠረ መጣ። ሹፌሩ አንድ ብሎን ላላ አደረጉ፤ አረፋ ወጣ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ናፍታ ፈሰሰ፣ ብሎኑን መልሰው አጠበቁ። መኪናዋ እየሄደች ስትቆይ ባትሪዋ ነፍስ ዘርቶ ነበርና በአንድ ቁልፍ ተነሳች። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጋቢና ገቡ።

ይህች መኪና ለምን እዚህ እንደበረታች መረዳት አያቅትም። እሷ የምትመደብበት፣ ሰባ ሲሪዝ የሚባለው የላንድክሩዘር ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ እስከ ዛሬ እየተሠራ ነው። 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተሩ ናፍታ የሚረጨው ኮምፒውተር በማያስፈልገው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ሌላው ዓለም የጣለውን ብዙ ነገር ይዞ መቅረቱ ነው ገጠሩን ያስመካው፤ የዕርዳታ ድርጅቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱም የሚተማመኑበት ለዚህ ነው። ሰው የሠራውን ሰው ሊያየው፣ ሊዳስሰው፣ ሊፈታው ይችላል።

እዚህ ላይ ትዝብቴን ልናገር። አንድ የመኪና ዕቃ ጊዜው አልፎበታል የምንለው በፋብሪካው በር ላይ በተጻፈ ቀን መሆን የለበትም። ተተኪው ባለመኪናው ደጃፍ ሲደርስ ነው ጊዜው የሚያልፈው። ማኖቬላ የተሻረው የኤሌክትሪክ ማስነሻው እዚያው መኪናው ውስጥ ስለገባ ነበር። ዛሬ ግን አሮጌውን ከእጃችን የምናስጥልበት ፍጥነትና አዲሱን እስከ ወንበራ የምናደርስበት ፍጥነት እኩል አይደሉም።

ትርፍ ጎማን እንውሰድ። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ስኮርታ ይዘው አይመጡም። በቦታው ትንሽ የአየር መንፊያና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይሰጣሉ። ክብደት ይቀንሳል፣ የዕቃ ቦታ ይሰፋል፤ ምሥማር የበሳውን ጎማ ፈሳሹ ይደፍነዋል፤ አስፋልት ላይ ደግሞ ጎሚስታ ቅርብ ነው። የመተከል ጠጠርና ስለት ድንጋይ ግን ጎማን ከጎኑ ነው የሚሰነጥቀው። ጎኑ የተሰነጠቀን ጎማ ፈሳሽ አያድነውም። በዚህ መንገድ ትርፍ ጎማ የሌለው ሹፌር ከነተሳፋሪው ሜዳ ላይ ያድራል። ሜዳ ላይ ማደር ደግሞ ባለፉት ዓመታት ሰላም በደፈረሰበት በዚህ ዞን ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

የመስኮት እጀታውም እንዲሁ ነው። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሻገር ውኃ ሞተር ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪኩ ያበቃለት መኪና ውስጥ ያለ ሰው፣ መስኮቱን በእጁ አዙሮ መክፈት መቻሉ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ለውጥ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ የጉምሩክ ቀረጡንም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ አድርጎ፣ ተበታትኖ ለሚመጣው አነሳ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። እንዲህ ያለውን ክልከላ በመጣል ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነዳጅ የምንገዛው በየዓመቱ በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን የራሳችን ነው።

የራሳችን የሆነው ኤሌክትሪክ ትልቁ ምንጭ ደግሞ የት ነው ያለው? እዚሁ መተከል ውስጥ፣ ጉባ ላይ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጉባና ወንበራ የአንድ ዞን ወረዳዎች ናቸው። አዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ላይ ያለ ድምፅ የምታልፈው አዲሷ መኪና ጉልበቷን የምትቀዳው ከዚህ ምድር ነው። ያቺ ባትሪዋ የደከመ ላንድክሩዘር ደግሞ በዚሁ ምድር ላይ ቁልቁለት ፈልጋ ታድራለች። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። ለግድቡ ቦንድ ገዝቶ፣ ከደመወዙ ቆርጦ፣ ከእርሻው ሸጦ ያዋጣው ሰው እዚህም አለ። የዕድገቱ ፍሬ መጀመሪያ ከተማ መድረሱ የተለመደ ነው እንል ይሆናል፤ መለመዱ ግን ትክክል አያደርገውም።

የኤሌክትሪክ መኪናን አልቃወምም፤ እንዲያውም ለእንዲህ ያለ አገር ከማንም በላይ የሚበጅ ይመስለኛል። የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ የነዳጅ ፖምፓ የለውም። የሚፋተግ ዕቃው ጥቂት ነው። ናፍታ ጠፍቶ ሰው በጀሪካን ከሚያሳድድባቸው ቀናት ይገላግላል። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላ ጠባዩ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እንደ ዲናሞ ይዞርና ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከወንበራ ከፍታ ወደ ቆላው የሚወርድ መኪና ፍሬን ሸራውን ሳያቃጥል እየሞላ ይወርዳል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ እንዲሆን መኪናዋ መጀመሪያ እዚያ መድረስ፣ ደርሳም መሞላት፣ ስትበላሽም የሚያውቃት ሰው ማግኘት አለባት። ዋናው ባትሪዋ ሙሉ ሆኖ እንኳ፣ ኮምፒውተሯን የሚቀሰቅሰው ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተ አትነሳም፤ ቁልቁለቱም አያስነሳትም። ጎማዋ መሬት ነክቶ በገመድ መጎተትም ለብዙዎቹ አይፈቀድም። ከቻይና ከመጡት ውስጥ በርካቶቹ ገጻቸው ላይ የሚያሳዩት ማስጠንቀቂያ በቻይንኛ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወዳጄ መኪናው ገጽ ላይ ቢጫ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር በስልኩ ፎቶ እያነሳ ሲያስተረጉም አይቻለሁ። ያ ጽሑፍ «ጎማህ አየር ጎድሎታል» ይሁን «ቁም፣ አደጋ አለ» እስኪተረጎም ድረስ መንዳቱን ይቀጥላል። በመሪ ፊት የተቀመጠ ሰው የገዛ መኪናውን ቃል የማያነብ ከሆነ ያ ዕድገት ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ሌላው ዓለምም በጥድፊያ የጣለውን እየመለሰ መሆኑን ልብ እንበል። የአውሮፓ የመኪና ደህንነት መዛኝ ተቋም ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ሙሉ አምስት ኮከብ የሚፈልግ አምራች ፍሬቻን፣ የአደጋ መብራትን፣ ክላክስን፣ የዝናብ መጥረጊያንና የአደጋ ጊዜ ጥሪን በመስታወት ገጽ ውስጥ እንዳይደብቅ፣ እጅ በሚዳስሰው ማብሪያ እንዲሠራ መጠየቅ ጀምሯል። ሹፌር ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሳ ጣቱ የሚያገኘው ነገር ያስፈልጋል። እነሱ በሰፊ አስፋልት ላይ ይህን ካሉ፣ እኛ በጠመዝማዛ ዳገት ላይ ምን እንበል?

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሚመለከታቸው ሁሉ በግልጽ አቀርባለሁ።

ወደ አገር ለሚገባ መኪና መስፈርት የሚያወጡ አካላት የመንገዳችንን ዓይነት ይዩ። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈት በር በቅንጦት ዝርዝር ውስጥ የሚገቡ አይደሉም፤ ከግዴታዎቹ ጋር ይቀመጡ። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሹፌሩ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን።

የኃይል መሙያ ጣቢያ ሲታቀድ አዲስ አበባ ላይ አይቁም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በዋና ከተማዋ ፈጣን መሙያ ጣቢያ መክፈቱ መልካም ጅምር ነው። ከእንጅባራ ቻግኒ፣ ከቻግኒ ግልገል በለስ፣ ከዚያም ቡለንና ደብረ ዘይት ድረስ ግን አንድ ሰው ተማምኖ የሚነዳበት መስመር እስኪዘረጋ ድረስ ናፍታው መኪና እዚህ አላረጀም። የኤሌክትሪኩ ምንጭ ያለበት ዞን የመጨረሻው ተራ ላይ እንዳይቀር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ መካኒኮቻችን እጨነቃለሁ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ስለ ከፍተኛ ቮልት ባትሪ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ በኮምፒውተር ብልሽት ስለ ማንበብ የሚያስተምሩት ለአዲስ ገቢ ተማሪ ብቻ መሆን የለበትም። ሃያ ዓመት በናፍታና በቅባት የኖረው መካኒክም በማታና በቅዳሜ ትምህርት ይግባ። ይህ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። የመኪናን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ፣ ሙቀትን የሚለይ መዳፍ፣ ያለ ዕቃ መላ የሚፈጥር ጭንቅላት አለው። ባለከፍተኛ ቮልት መኪና ሳያውቅ ከነካ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ በፒንሳና በሽቦ ድሮ የዳነበት ድፍረት እዚህ አያድነውም። በቢሾፍቱዋ ደብረ ዘይት አውቶቡስ የሚገጣጥም ፋብሪካ ያላት አገር፣ በወንበራዋ ደብረ ዘይት ያንን የሚጠግን ሰው ማፍራት አያቅታትም።

እዚያ መንገድ ላይ፣ አየሩ ወጥቶ መኪናዋ ከተነሳች በኋላ፣ ልጁን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ስልኩ ላይ ብዙ እንዳየ ነገረኝ። ውስጡ ምን እንደሚመስል፣ ባትሪው የት እንደሚቀመጥ፣ ለምን ድምፅ እንደሌለው አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ያልገባውንም ደርድሮ ጠየቀኝ፤ ግማሹን መመለስ አልቻልኩም። በመጨረሻ «የት ነው የሚማሩት?» አለኝ። ለዚህኛውም በቂ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ክላክስ ተነፋ። ልጁ ወደ ጋቢናው ሮጠ፤ ነገር ግን ከመሳፈሩ በፊት ተመለሰ። መኪናዋ በቆመች ጊዜ ወደኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማው ሥር ያኖራቸው ሁለት ድንጋዮች መሐል መንገድ ላይ ቀርተው ነበር። ስንቱ ሹፌር እንዲህ ያለውን ድንጋይ ትቶ እንደሚሄድና ከኋላ በጨለማ የሚመጣው ስንቴ እንደሚጋጭበት በየመንገዳችን የምናየው ነው። ልጁ አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን አንስቶ ከመንገዱ ዳር አኖራቸው፤ እጁን አራግፎ ሮጦ ተሳፈረ።